የሰይዶ እጅ የነካው ሽጉጥ

ፀዳለ ያን ቀን ከአጥር ማዶ የሰማችውን ንግግር ሙሉውን አታስታውሰውም። መጀመሪያ ማን እንደተናገረ፣ ነገሩ ከምን ተነሥቶ እዚያ እንደደረሰ ብትጠየቅ እርግጠኛ ሆና አትመልስም። ከቤቱ ጓሮ ተቀምጣ እንሰት ትፍቅ ስለነበር የመፋቂያው ድምፅ አንዳንዱን ቃል ውጦባታል፤ ሌላውን ደግሞ ዘመን ወስዶታል። አንዲቱን ንግግር ግን እስከ እርጅናዋ ድረስ፣ ገና አሁን የተባለች ያህል ትሰማት ነበር።

ከአጥሩ ማዶ የነበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ባሏ ባልቻ ነው። ሌላው የአገሩ ቀጥቃጭ ሰይዶ።

ጊዜው ጣሊያን ቡታጅራ ላይ ምሽግ ሠርቶ ባንዲራውን ከሰቀለ ሁለተኛ ዓመቱን የያዘበት ነበር። ባልቻ የመስቃን ገበሬ ነው፤ በርበሬና ጤፍ ያመርት የነበረ፣ አሁን ግን ሃያ የማይሞሉ ሰዎች ይዞ ጫካ ለጫካ የሚውል። በወልቂጤ በኩል ዘምቶ ሲመለስ አንድ ሽጉጥ ማርኮ አመጣ። አጭር፣ ጥቁር፣ በእጀታው ውስጥ ሰባት ጥይት የሚጎርስ ካዝና ያለው ነው። መንደሩ በሙሉ እየመጣ አየው። ሽጉጡ ግን ክፉ አመል ነበረበት። የመጀመሪያዋን ጥይት በደንብ ይተኩሳል፤ ሁለተኛዋን ይነክሳል። ጥይቷ ከካዝናው ወጥታ ወደ አፈሙዙ ልትገባ ስትል አፍንጫዋን ትደፋና መሐል ላይ ተቀርቅራ ትቀራለች። ባልቻ ቢነካካው አልሆን ሲለው ሰይዶን አስጠራ።

ሰይዶ ተጠርቶ መጣ፤ ነገር ግን ከአጥር አልገባም። በዚያ አገር ልማድ ቀጥቃጭ ከሰው ደጅ አያልፍም። የምታርስበትን ማረሻ፣ የምታጭድበትን ማጭድ፣ እንሰት የምትፍቅበትን ብረት ሳይቀር የሚሠራው እሱ ነው፤ የሠራውን ግን ከእጁ የሚቀበለው የለም። ብረቱ የሚለዋወጠው መሬት ላይ በተነጠፈ የኮባ ቅጠል ነው። ባለቤቱ ያስቀምጣል፣ ፈቀቅ ይላል፤ ቀጥቃጩ ያነሣል። ሠርቶም እንዲሁ ያስቀምጣል፤ ባለቤቱ ያነሣል። ምግብም ቢሰጠው በዚያው በቅጠል ነው። ዓይኑ ይበላል ይባላልና።

«ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የሚያደርገው?» አለ ሰይዶ።

«ከያዝሁት ጀምሮ። ፈረንጁ እጅ እያለም ያደርግ እንደሆነ እሱን ጠይቀው።»

«እሱማ አሁን የሚመልስልኝ አይመስለኝም» አለ ሰይዶ፤ ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ብረት ከብረት ሲላቀቅ ተሰማ፤ ፀዳለ ጥቂት ፋቀች፣ ጥቂትም አመለጣት። እንደገና ስትሰማ ሰይዶ እየተናገረ ነበር።

«... ሁለት በሽታ ነው ያለበት ጌታው። አንዱ የካዝናው ከንፈር ነው። ይህችን የግራዋን ይዩአት፤ ተከፍታለች። ከንፈሩ ካልገጠመ ጥይቷን አጥብቆ አይዛትም፤ አስደፍቶ ይለቃታል። አንድ ቀን ድንጋይ ላይ ወድቆ ይሆናል።»

«ይድናል?»

«በቀንድ ቁራጭ ቀስ እያልሁ እመልሰዋለሁ። በመዶሻ ካሉኝማ ሰብሬው እገላገላለሁ።»

«ሁለተኛውስ?»

ሰይዶ ብረቱን በጨርቅ ሲያሽ ተሰማ።

«ሁለተኛው ቅቤ ነው» አለ።

ፀዳለ መፋቂያውን አቆመች።

«ማን እንደሚቀባው አላውቅም፤ እጁ የፍቅር እጅ መሆኑ ግን ያስታውቃል። ጦር ቅቤ ቢቀባ ያምርበታል። ጎራዴም ግድ የለውም። ይህ ግን ውስጡ የሚሮጥ ብረት አለው። በተኮሱ ቁጥር ወደ ኋላ ሄዶ፣ ባዶውን ቀለህ ጥሎ፣ ሌላ ጥይት ይዞ መመለስ አለበት። ቅቤ ቀን አቧራ ይለቅማል፤ ጧት በብርድ ይረጋል። መንገዱ ላይ ቅቤ ካለ ብረቱ ደክሞት መሐል ላይ ይቆማል። ጌታው፣ ይህን ሽጉጥ ከጠላት አስቀድመው ከቅቤ ይጠብቁት።»

ያቺ የመጨረሻዋ ናት ፀዳለ እስክትሞት የምትሰማት።

ቅቤው የእሷ ነው። ራሷ ንጣ፣ ራሷ አንጥራ፣ በገል የምታስቀምጠው ነው። ባሏ ለዘመቻ ሲነሣ ጦሩን ቀብታለች፣ ፀጉሩን ቀብታለች፤ ሽጉጡ በመጣ ጊዜም ከሁሉ አብልጣ እሱን ቀብታዋለች። እናቷም እንዲህ ነበሩ፤ አማቷም እንዲህ ናቸው። ቅቤ ያልነካው መሣሪያ ባለቤቱ ሴት የሌለው ይመስላል። አሁን አንድ ቀጥቃጭ ከደጅ ቁጭ ብሎ በቅቤዋ ሲፈርድ ስትሰማ ደሟ ፈላ። «ዓይኑ ቅቤዬ ላይ አርፏል ማለት ነው» አለች በልቧ። ሰውዬው ስለ ብረት ሲናገር እሷ የሰማችው ስለ ራሷ ነው።

ሰይዶ ሽጉጡን ሦስት ቀን አቆየው። ቅቤውን በሙቅ አመድ ውሃ አጠበ፤ በፀሐይ አደረቀ፤ ከቡታጅራ ገበያ ከአንድ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪና ዘይት ለምኖ፣ በላባ ጫፍ አንዲት ጠብታ ብቻ አስነካው። ከንፈሩን በቀንድ መለሰው። ሊያስረክብ ሲመጣ፣ «ሥራዬን ሳላየው አልሰጥም፤ በፊቴ ይተኩሱት» ብሎ ድርቅ አለ። ጥይት ብርቅ ነበር፤ ባልቻ አመነታ። በኋላ ከሁለት ጋራ መሐል ወዳለ ገደል ወረዱና አከታትሎ አራት ተኮሰ። አራቱም ያለ እንከን ወጡ።

ባልቻ እንደ ሕፃን ፈነጠዘ። ቤት እንደገባ ለእናቱ ለእማማ ወለተጊዮርጊስ፣ «ይህን ሰው እኮ ጠርቶ፣ ከመሶብ አስቀምጦ ማብላት ነበር» አላቸው።

«ምን አልክ?» አሉ አሮጊቷ። «አባትህ በሠራው ቤት? ያንተስ ይሁን፤ እነዚህን ሕፃናት አታይም?»

«ሰውየው እኮ ሙያተኛ ነው እማዬ።»

«ሙያውንማ ማን ካደ! ዓይኑን ነው እንጂ። ሄደህ ለብቻው በቅጠል ስጠው፤ ምርቃትም ጨምርለት፤ እዚያው ይብቃ።»

ባልቻ አልተከራከረም። ቅጠሉ ላይ አንድ ግማሽ ቆጮ አስቀምጦ፣ «ከመሶብ ላስቀምጥህ አስቤ ነበር» ብሎት፣ ሽጉጡን ከሌላው ቅጠል አንሥቶ ተመለሰ። ሰይዶም ሲሄድ፣ «ቅቤውን አደራ» አለ። ባልቻ፣ «እሺ» አለ። ለፀዳለ ግን አልነገራትም። ምናልባት ቅር እንዳይላት አስቦ ይሆናል፤ ምናልባትም የሰማች መሆኗን አውቆ ይሆናል። እንግዲህ ማን ይጠይቀዋል?

ከአምስት ቀን በኋላ ወሬ ደረሰ። አንድ የባንዳ አለቃ ከሠላሳ ሰው ጋር ሆኖ ለመንገድ ሥራ ወንዶችን አፍሶ ሊወስድ ወደ መንደሩ እንደሚመጣ ተነገረ። ባልቻ ከወንዙ መሻገሪያ ላይ ሊቀበለው አሰበ። አለቃውን ከቅርብ በሽጉጥ ከጣለው የቀሩት ይበተናሉ፤ ሐሳቡ ይኸው ነበር። ሽጉጡ ባይጠገን ኖሮ ይህን ባላሰበው ነበር። በሰይዶ ሥራ ተማምኖ ነው።

በዋዜማው ቀን ባልቻ ሰዎቹን ሊያገኝ ሲወጣ ሽጉጡን ከምሰሶው ላይ ሰቅሎት ሄደ። እማማ ወለተጊዮርጊስ ሽጉጡን አዩት፤ ምራታቸውንም አዩአት።

«ልጄ፣ ያ ሰው ሦስት ቀን ሙሉ ሲያገላብጠው ከርሟል።»

«አዎን እማዬ።»

«እንዲሁ ይዞት ሊወጣ ነው?»

ሁለቱም ያሰቡት አንድ ነገር ነበር፤ ሽጉጡን ከቀጥቃጩ ዓይን ማንጻት። ፀዳለ ተነሣች። ከጓሮ ጤና አዳም ቀጠፈች። ደቁሳ በቅቤ ለወሰችው። ከነፍስ አባቷ ከአባ ወልደአማኑኤል በቅል ያመጣችውን ጠበል ረጨችበት፤ አባታችን ሆይ ደገመች፤ እመቤቴን ተማጸነች። ባሏ ካዝናውን እንዴት እንደሚያወጣ አይታ ነበርና አወጣችው። የቀጥቃጩ እጅ የደረሰበት ሁሉ በሷ እጅ እንዲነካ፣ ቅቤውን በጣቷ እያደረገች በካዝናው አፍ ሞላች፤ በላይኛው ብረት ሥር አስገባች፤ በአፈሙዙም ጨመረች። ሲበቃት ካዝናውን መለሰች። ከዚያም ባሏ አይቶ እንዳይቆጣ ውጭውን በደረቅ ጨርቅ ወልውላ እንደነበረ ሰቀለችው።

«ውስጡን የሚያይ እግዚአብሔር ብቻ ነው» አለች። እውነቷን ነበር።

የኅዳር ጧት ነው። ዘቢዳር ተራራ ላይ ውርጭ ጥሏል። በመሻገሪያው የሆነውን የባልቻ ታናሽ ወንድም ካሳሁን ነው በኋላ የተናገረው። ወንድሙ ከቁጥቋጦ ወጥቶ በአሥር እርምጃ ላይ ተኮሰ። የባንዳው አለቃ ትከሻው ተመታና በጉልበቱ ወደቀ፤ አልሞተም። ባልቻ ደገመ፤ ሽጉጡ ዝም አለ። የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ጎተተው፤ ብረቱ ሄደ፣ ግን ሳይመለስ መሐል ላይ ቆመ። በመዳፉ መታው። እንደገና ጎተተው። ካሳሁን አሮጌ ውጅግራውን አጉርሶ እስኪያነጣጥር ድረስ ወንድሙ ሦስት ጊዜ ሽጉጡን ሲመታው አይቷል። ከዚያ የባንዳው አለቃ ከተንበረከከበት ተኮሰ።

ባልቻን በቃሬዛ አመጡት። ነፍሱ ቤት ደርሳ ነው የወጣችው። ፀዳለ ራሱን በጭኗ ላይ ስታደርገው ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«ነከሰብኝ» አለ። ሌላ አልተናገረም።

ለቀስተኛው ሲበዛ ካሳሁን ሽጉጡን በጋቢ ጠቅልሎ ሰጣት። «እትዬ፣ የወንድሜ ነው፤ አስቀምጪልኝ።» ወደ ጓዳ ይዛው ገባች። ገለጥ አድርጋ አየችው። ጥይቷ አፍንጫዋን ደፍታ፣ ግማሽ አካሏ ውጭ ሆኖ ቆማለች። በዙሪያዋ የረጋ ነጭ ቅቤ አለ። በቅቤው ውስጥ የጤና አዳም ቅጠል ተጣብቋል፤ ገና አረንጓዴ ነው።

ፀዳለ ጮኸች። ሰው ሁሉ ለባሏ የጮኸች መሰለው።

ሰልስቱ ሳይወጣ መንደሩ ፍርዱን ጨረሰ። «ሲሞከር አራት ተኩሶ፣ በጭንቅ ቀን እንዴት ይነክሳል? ዓይኑን ጥሎበት ነው እንጂ!» አሉ እማማ ወለተጊዮርጊስ ደረታቸውን እየደቁ። አንዱ፣ «ለጣሊያን ሸጦን ይሆናል» አለ። ሌላው፣ «መጀመሪያም ከደጃችሁ ባልደረሰ» አለ። ካሳሁን የሚያደርገውን አጥቶ ነበር፤ ሐዘኑን የሚጥልበት ሰው ሲያገኝ ተነሣ። ተከትለውት ሄዱ። የሰይዶን ጎጆ አፈረሱ፤ ወናፉን ቀደዱ፤ የከሰሉን እሳት በውሃ አጠፉ። ሚስቱ አደይ የስድስት ወር እርጉዝ ነበረች። ካሳሁን፣ «ነገ እዚህ ባገኝህ በወንድሜ ደም እምላለሁ!» አለው።

ሰይዶ መዶሻውንና ጉጠቱን በአህያ ጭኖ፣ አደይን ከኋላ አስከትሎ ሲሄድ በፀዳለ አጥር በኩል አለፈ። እሷ ከአጥሩ ውስጥ ነበረች። ቆመ። አያያትም፤ ግን እዚያ መሆኗን አውቋል።

«እሜቴ» አለ በዝግታ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። ብረቱን ቅቤ ነክቶት ነበር?»

ፀዳለ ከንፈሯን ነከሰች። አንድ ቃል ነበር የሚፈለግባት። ያን ቃል ብትናገር የሰውየው ጎጆ ያኔውኑ በተሠራ፣ አደይም ተራራውን ባልወጣች። ግን መቃብሩ ገና ትኩስ ነው፤ አማቷ ከውስጥ ያለቅሳሉ፤ ካሳሁን ጩቤ ታጥቆ ይዞራል። ዝም አለች።

ሰይዶ ጥቂት ጠበቀ። ከዚያ የአህያዋ ኮቴ ተሰማ፣ እየራቀም ሄደ።

እስቲ እኛም በዚህ አጥር ሥር ጥቂት እንቁም። ባልቻን የገደለው የባንዳ ጥይት ነው። ያን ጥይት የጋበዘው ግን ጠላት ያላመጣው፣ እኛው በቤታችን ያሳደግነው ነገር ነው። በብረቱ የምናርስ፣ በብረቱ የምንዋጋ ሆነን ሳለ ብረቱን የሚያውቀውን ሰው ከደጅ አስቀምጠነዋል። ሰውየው ያወቀውን ነገረን፤ የነገረን ግን ከደጅ ስለሆነ ቃሉ እንደ ሰው ቃል አልገባንም። ይህን የማያውቅ ቤት ካለ ታድሏል። በመስቃንም ሆነ በሌላው አገር እጁ ባለሙያ የሆነውን ሁሉ በዓይኑ የሚጠረጥር ቤት ግን ያን ጊዜ ብዙ ነበር።

ሰይዶ ከሄደ በኋላ ያ አገር ቀጥቃጭ አጣ። የበርበሬው ማሳ ሲታረስ ማረሻ ዶለዶመ፤ የሚያስለው የለም። የካሳሁን ውጅግራ መርፌው ተሰበረ። የሌላው ጠመንጃ ቀለሁን አልተፋ ብሎ በበትር ሲጎረጎር ዋለ። በየካቲት ሁለት ሰዎች ሞቱ፤ አንደኛው በእጁ ላይ የማይተኩስ ጠመንጃ ይዞ ነው። ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ላይ አላያያዘውም። ያያያዘችው ፀዳለ ብቻ ናት። የእያንዳንዱ ለቅሶ ሲሰማ ጓዳ ገብታ የተጠቀለለውን ጋቢ ትዳስሳለች። ሽጉጡን አልጠረገችውም። ለመጥረግ እጇ እምቢ አለ።

በመጨረሻ፣ የመንፈቁ ተዝካር ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ወደ ነፍስ አባቷ ወደ አባ ወልደአማኑኤል ሄደች። ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር ተንበርክካ ሁሉን ነገረቻቸው። አባ ወልደአማኑኤል መቋሚያቸውን ተደግፈው ሰሟት።

«ጠበሉን የሰጠሁሽ እኔ ነኝ» አሉ።

«እርስዎ ምን ያውቃሉ አባቴ።»

«አለመጠየቄ ነው ጥፋቴ። ለምን እንደፈለግሽው ልጠይቅሽ ይገባ ነበር። ልጄ፣ ጠበል የተሰጠን ከሰው እጅ ልንነጻበት አይደለም። የሰይዶንም እጅ የሠራው ያንቺን እጅ የሠራው ጌታ ነው።» ዓይናቸውን ጠረጉ። «ጎጆው ሲፈርስ ጩኸቱ እዚህ ድረስ ይሰማ ነበር። እኔ ግን የማነበውን መጽሐፍ አልዘጋሁም፣ ከደጄም አልወጣሁም።»

«ንስሐ ይስጡኝ።»

«እሰጥሻለሁ። ግን ለእኔ የነገርሽኝ አይበቃም። ዝም ባልሽበት ቦታ ተናገሪ።»

የተዝካሩ ዕለት ሰው ከበላና ካህናቱ ከጸለዩ በኋላ ፀዳለ ከጓዳ ጋቢውን ይዛ ወጣች። ከዳሱ መሐል ቆማ ገለጠችው። ሽታው ቀድሞ ደረሰ፤ ስድስት ወር የቆየ ቅቤ ነው። ጥይቷ እንዳለች ናት፤ የጤና አዳሙ ቅጠል ጠቁሯል።

«ሰይዶ አይደለም» አለች። «እኔ ነኝ። ሰይዶ ቅቤ እንዳይነካው ሲናገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ንቄው ነው። ሽጉጡን ከእጁ ላነጻ ብዬ በእጄ ሞላሁት። ባሌንም፣ ልጆቼንም፣ ያንንም ሰው የበደልሁ እኔ ነኝ።»

ካሳሁን ተነሣ፤ ፊቱ እንደ አመድ ሆኗል።

«እትዬ፣ ስድስት ወር ሙሉ? እኔ በዚህ እጄ የሰው ቤት ሳፈርስ እያየሽ?»

«እያየሁ።»

እጁን አነሣ። የት እንደሚያሳርፈው ግን አላወቀም። በዚህ መሐል እማማ ወለተጊዮርጊስ በበትራቸው ተደግፈው ብድግ አሉ።

«እሷን አትንካ። ያነጻችው እኔ ብዬአት ነው። ልጄን በገዛ አፌ...» አልጨረሱትም። ሴቶች ይዘው አስቀመጧቸው።

ከዚያ ወዲህ ካሳሁን ብዙ ቀን ከፀዳለ ደጅ አልደረሰም። አንድ ጧት ግን ወደ ፀዳለ መጣና፣ «ሰይዶ የት እንዳለ ታውቂያለሽ?» አላት። ጉንችሬ ገበያ አጠገብ የሚቀጠቅጥ አዲስ ሰው እንዳለ ወሬ ሰምታ ነበር። አባ ወልደአማኑኤልም ልሂድ አሉ። ሦስቱ ተራራውን አቋርጠው ሁለት ቀን ተጓዙ። ካሳሁን የሰዎቹን የተበላሹ ጠመንጃዎች በበቅሎ ጭኗል፤ ሽጉጡን ፀዳለ በእቅፏ ይዛለች። ዳገቱ ላይ ስትደርስ፣ «በዚህ ነው አደይ የወጣችው» አለች። ካሳሁን የበቅሎዋን ልጓም ሳበ።

ሰይዶ ከገበያው ዳር፣ ከዝቅተኛ ጎጆ ፊት ተቀምጦ ወናፍ ይነፋ ነበር። አያቸው። አልተነሣም። አባ ወልደአማኑኤል፣ «እንደምን ዋልክ ልጄ» ሲሉት ብቻ ራሱን ዝቅ አደረገ።

ፀዳለ ከፊቱ መሬት ላይ ተንበረከከች። «ያን ቀን ጠይቀውኝ ነበር» አለች። ከዚያ ወዲያ ነው «እርስዎ» ማለቷን ያወቀችው። «ነክቶት ነበር። እኔ ነበርሁ።»

ሰይዶ ወናፉን አቆመ።

«አውቄ ነበር» አለ። «ዝም ያሉ ጊዜ አውቄ ነበር። ሰው ካልነካው ‹አልነካውም› ይላል።»

«አደይስ?» አለች ፀዳለ እየፈራች።

«ውስጥ ናት።»

«ልጁስ?»

ሰይዶ ወደ ተራራው አመለከተ። «እዚያ ቀረ። ከመንገዱ በላይ፣ ከአንድ ጽድ ሥር። ብርድ ነበር።»

አባ ወልደአማኑኤል አማተቡ። ፀዳለ ግንባሯን መሬት ላይ አደረገች።

ካሳሁን ወደ ሰይዶ ቀረበ። «ተመለሱ። ቤትዎን እንደገና እሠራለሁ፤ በገዛ እጄ። ወናፉንም።»

«ወናፍ አለኝ» አለ ሰይዶ። «ቤትም ይኸው። ልጄን አትሠሩልኝም። እኔ ወደዚያ አልመለስም።»

«እንግዲያውስ ጠመንጃዎቹን ይዩልን። ሰዎቼ እያለቁ ነው። ለእኔ ሲሉ አይደለም፤ የበደልዎት እኔ ነኝ። ለእነሱ ሲሉ።»

ሰይዶ ከሰሉን በጉጠቱ ቆሰቆሰ። «ጣሊያን የእኔም ጠላት ነው» አለ። «አምጡ።»

ካሳሁን ልቡ ቀለለው። ፈጥኖም ወደ ጓሮ ሄዶ ከእንሰቱ አንድ የኮባ ቅጠል ቀነጠሰ። ለክፋት አልነበረም፤ እጁ የሚያውቀው እሱን ነው። ቅጠሉን ሰይዶ ፊት ሊያነጥፍ ጎንበስ ሲል ሰይዶ አየው።

«ያን ይጣሉት።»

ካሳሁን ቅጠሉን እንደያዘ ደነገጠ።

«ከቅጠል ላይ ያነሣሁት ብረት አንድ ሰው ገደለ፣ አንድ ልጅ አስቀረብኝ። ከእንግዲህ ከቅጠል አላነሣም። ግቡ። ተቀመጡ። አደይ ቆጮና ጎመን አላት፤ ከአንድ ገበታ አብረን እንብላ። ከዚያ ጠመንጃችሁን በእጃችሁ ስጡኝ፤ እኔም በእጄ እመልስላችኋለሁ። አልሆን ካለም መንገዱ ያው ነው።»

ፀዳለ ከመሬት ተነሣች። ሽጉጡን ከጋቢው አውጥታ በሁለት እጇ ለሰይዶ ዘረጋችለት። ጣታቸው ተነካካ። «መጥረጉን እኔን ያስተምሩኝ» አለች። «በእኔ እጅ ይጠረግ።» ራሷን ዝቅ አድርጋ በጎጆው በር ገባች። ከውስጥ የአደይ ድምፅ ተሰማ፤ ምን እንዳለች ግን ከውጭ አይለይም ነበር። አባ ወልደአማኑኤልም መቋሚያቸውን ከደጃፉ አስደግፈው ተከተሏት።

ካሳሁን ብቻውን ውጭ ቀረ። ቅጠሉ በእጁ ነው። ሕይወቱን ሙሉ እንዲህ ያለ ጣራ ሥር ገብቶ አያውቅም። አባቱ ምን ይሉ ነበር? መንደሩስ ሲሰማ? በሩን አየ፤ ዝቅተኛ ነው። ከውስጥ ፀዳለ፣ «ካሳሁን» ብላ ጠራችው። ባልቻም እንዲሁ ነበር የሚጠራው።

«ወንድምዎ አንድ ቀን ሊያስገቡኝ አስበው እንደነበር ነግረውኛል» አለ ሰይዶ፤ ገና ከተቀመጠበት አልተነሣም። «እርስዎስ?»

ቅጠሉ ከካሳሁን እጅ ወደቀ።

«እሺ» አለ። «እገባለሁ።»